ያን የሚያህል መርከብ በዚያ ጠባብ መተላለፊያ እንዴት ነው የሚያልፈው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ናችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ለየት ይላል፤ ግን እዚህ መርከብ ላይ የሚሠሩ ልጆች እንዳሉ ስለማውቅ ልጠይቅ ብዬ ነው። ባለፈው ሰሞን ከእናቴና ከአክስቶቼ ጋር ከማያሚ ክሩዝ ወጥተን ነበር። ስለ ምግቡ፣ ስለ ዋናው፣ በጾም ምን እንደበላን ሌላ ጊዜ አወራለሁ። አሁን የሚከነክነኝ ከወደቡ የወጣንበት መንገድ ነው። ሁላችንም ላይኛው ፎቅ ላይ ቆመን እናያለን። በግራ ሳውዝ ፖይንት ፓርክ፣ በቀኝ ፊሸር አይላንድ፣ እኛ መሐል። ፓርኩ ውስጥ ውሻ የሚያንሸራሽሩ ሰዎች ፊታቸው ሳይቀር ይለያል። እጃቸውን ያወዛውዙልናል፣ እኛም እናወዛውዛለን። እማዬ ግን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያየች "በስመ አብ! ይሄ ነገር የብስ ላይ ሊወጣ ነው እንዴ?" ትላለች። ሳቅንባት፤ እውነት ለመናገር ግን የእኔም ሆድ ባር ባር ብሎት ነበር።

እና ማነው የሚነዳው? ካፒቴኑ ነው? የሚጎትት ጀልባ እንኳ አላየሁም። ከጎናችን አንዲት ትንሽ ጀልባ ስትሮጥ ነበር፣ በኋላ አንድ ሰውዬ ከመርከቧ ሆድ በገመድ መሰላል ወርዶ እሷ ላይ ተሳፈረ። አክስቴ "ምስኪን፣ አባረሩት" አለች። ደሞ እኛ የምንኖረው ለባልቲሞር ቅርብ ነው፤ ድልድዩ የፈረሰ ቀን ያየነውን አንረሳም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መብራት ድንገት ቢጠፋ ምን ይሆናል? እማዬ ቀጥሎ ከባልቲሞር እንሂድ እያለች ስለሆነ መልሱ ለእኔ እንዲሁ ወሬ አይደለም።

ማያሚ ሾፌር፦

አክስትሽ ገደለችኝ 😂 አላባረሩትም እህቴ፣ ሥራውን ጨርሶ ነው የወረደው። እሱ ፓይለት ይባላል።

እኔ እዚሁ ማያሚ ነኝ፣ ሰው ከኤርፖርት ወደ ወደብ አመላልሳለሁ፤ መርከቦቹን በስም ነው የማውቃቸው። ያለፋችሁበት ቦታ ገቨርንመንት ከት ይባላል። የተፈጥሮ እንዳይመስልሽ፣ ሰው የቆፈረው ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1905 የማያሚ ቢችን ደቡባዊ ጫፍ ቆርጠው ውሃውን አሳለፉት፤ ፊሸር አይላንድም ከማያሚ ቢች ተነጥላ የቀረችው በዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ እየደጋገሙ ጠርገው አጥልቀውታል፣ የመጨረሻው ትልቁ ሥራ በ2015 አለቀ።

ፓይለቶቹ ቢስኬን ቤይ ፓይለትስ የሚባሉ ናቸው። መርከብ ሲመጣ ገና ከባሕሩ ላይ ሳለ በዚያች ፈጣን ጀልባ ሄደው ይሳፈሩበታል፣ ሲወጣም መተላለፊያውን አሳልፈውት ይወርዳሉ። መርከቡ አይቆምላቸውም። እየሄደ ነው በመሰላል የሚወጡትና የሚወርዱት። ማዕበል ባለበት ቀን ማየት ያስፈራል፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ሳይቀሩ ነው እንደዚያ የሚንጠለጠሉት።

ሰማያዊ መብራት ያላቸው ጀልባዎች ካየሽ ደግሞ እነሱ ሌላ ናቸው፣ ጠባቂዎች ናቸው። የመንገደኛ መርከብ ሲንቀሳቀስ በዙሪያው 100 ያርድ ድረስ ማንም ያለ ፈቃድ እንዳይጠጋ ሕግ አለ። ቅዳሜና እሑድ እዚህ በጄት ስኪ የሚቀብጠውን ሰው ብታዪ ሕጉ ለምን እንደወጣ ይገባሻል። አምስት ጊዜ አጫጭር ጡሩምባ ከሰማሽ መርከቡ አንዱን "ምን ልታደርግ ነው? ዞር በል!" እያለው ነው።

ስለ ማሽኑ የሚያውቅ ይጨምርበት። እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው።

ማሽን ክፍል፦

ከባቦጋያ የመርከብ ባለሙያዎች ማሠልጠኛ የወጣሁ ማሪን ኢንጂነር ነኝ። የምሠራው ጭነት መርከብ ላይ ነው፣ ክሩዝ ላይ ያሉ የክፍል ጓደኞች ግን አሉኝ፤ ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ልንገርሽ።

መጀመሪያ "ማነው የሚነዳው" ላልሽው። ፓይለቱ የአካባቢው ሰው ነው። የውሃውን ሞገድ፣ አሸዋው የተከመረበትን፣ ነፋሱ የትኛው ሕንፃ ጋ ሲደርስ እንደሚቀየር ያውቃል። ካፒቴኑ መርከቡን ያውቃል፣ ፓይለቱ ቦታውን ያውቃል። በሕግ ግን ኃላፊነቱ ከካፒቴኑ አይወርድም፤ ፓይለቱ ያዛል ቢባልም ካፒቴኑ ካልተስማማ አስቁሞ ራሱ ሊይዝ ይችላል። ፓናማ ካናል ብቻ ነው ፓይለቱ ሙሉ ሥልጣኑን የሚረከብበት የታወቀ ቦታ። ክሩዝ ላይ ብዙ ጊዜ ፓይለቱ አጠገባቸው ቆሞ ይመክራል፣ እጃቸው መቆጣጠሪያው ላይ ያለው የመርከቡ መኮንኖች ናቸው።

ጎታች ጀልባ ያላየሽው አዳዲሶቹ ክሩዞች ራሳቸውን ስለሚያዞሩ ነው። እንደ ድሮው ከኋላ ቀጥ ብሎ የተተከለ ፕሮፔለርና ከበስተጀርባው መሪ ሳይሆን፣ ከመርከቡ ሆድ በታች የተንጠለጠለ ኤሌክትሪክ ሞተር ከነፕሮፔለሩ ወደፈለጉት አቅጣጫ 360 ዲግሪ ይዞራል። አዚፖድ ይሉታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ክሩዝ ላይ የተገጠመው በ1998 ካርኒቫል ኢሌሽን በምትባለው ላይ ነው። በ2009 የወጣችውን ኦአሲስ ኦፍ ዘ ሲስን ብትወስጂ 20 ሜጋዋት የሆኑ ሦስት አዚፖዶች አሏት፤ ከፊት ደግሞ አፍንጫዋን ወደ ጎን የሚገፉ 5.5 ሜጋዋት የሆኑ አራት ማሽኖች፣ ቦው ትረስተር የሚባሉት። 360 ሜትር የሚሆን ርዝመት አላት ግን እዚያው በቆመችበት ትሽከረከራለች።

አሁን ዋናው ነገር። ሰው የሚመስለው ጠባብ ቦታ ላይ ቀስ ካልክ ሰላም ነህ ነው። መርከብ ላይ እንደዚያ አይደለም። ቀስ ስትል ነፋስ የሚገፋህ ጊዜ ይረዝማል፣ መሪህም ይደክማል። ስትፈጥን ደግሞ የፊት ትረስተሮቹ ሥራ ያቆማሉ ማለት ይቻላል፤ ከ4 ወይም ከ5 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) በላይ ከሄድክ ጉልበታቸው እየቀነሰ ይሄዳል። ከዚያም በላይ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ስትፈጥን መርከቡ ይሰጥማል። ቀልድ አይደለም። ከሥሩ የሚያልፈው ውሃ ይፈጥንና ግፊቱ ይቀንሳል፣ መርከቡ ወደ ታች ቁጭ ይላል። ስኳት ነው የምንለው። ፍጥነትህን እጥፍ ብታደርግ ስኳቱ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ኦአሲስ ራሷ ፊንላንድ ተሠርታ ስትወጣ ዴንማርክ ውስጥ ታላቁ ቤልት የሚባለው ድልድይ ሥር ማለፍ ነበረባት፤ ድልድዩ 65 ሜትር ነው፣ እሷ ከውሃ በላይ ወደ 72 ሜትር ናት። ጭስ ማውጫዎቿ ወደ ውስጥ እንዲገቡ ተደርገው የተሠሩት ለዚህ ነው። ጭስ ማውጫውን አጥፈውም የቀራቸው ክፍተት አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር፣ ስለዚህ ሆን ብለው ፈጥነው በስኳቱ ትንሽ ዝቅ ብለው አለፉ። እዚያ የጠቀማቸው ነገር ማያሚ መተላለፊያ ውስጥ ጠላት ነው።

ሌላው የዳር ነገር ነው። መርከብ ወደ አንዱ ዳር ከተጠጋ በእሱና በዳሩ መሐል ያለው ውሃ ይፈጥናል፣ ጅራቱን ወደ ዳሩ ይስበዋል፣ አፍንጫውን ደግሞ ወደ ማዶ ይገፋዋል። ሀይዌይ ላይ ትሬይለር በአጠገብህ ሲያልፍ ትንሿን መኪና ሳብ እንደሚያደርጋት ዓይነት። መጋቢት 2021 ላይ ስዊዝ ካናልን ለስድስት ቀን የዘጋችው ኤቨር ጊቨን ትዝ አትላችሁም? 400 ሜትር መርከብ፣ ነፋስ፣ አሸዋ፣ ከዚያ ይሄ የዳር ስበት። አንዴ ከጀመረ መሪ በማዞር ማስተካከል የምትችልበት ጊዜ አጭር ነው።

ልብ በሉ፦

ማሽን ክፍል ጥሩ አስረድተሃል፣ ግን ሁላችሁም ያለፋችሁት ነገር አለ። ፓይለት አለ፣ አዚፖድ አለ፣ ጠባቂ ጀልባ አለ ትላላችሁ። የባልቲሞሩን ድልድይ የመታችው ጭነት መርከብ ዳሊ ላይስ ፓይለት አልነበረም? ነበር እንጂ፣ አንዱ ሲኒየር አንዱ ተለማማጅ። መብራት ጠፋ፣ ድልድዩን መታ፣ ስድስት ሰው ሞተ። ሌሊት ድልድይ ላይ ጉድጓድ ሲደፍኑ የነበሩ ስደተኛ ሠራተኞች። ኮስታ ኮንኮርዲያስ? በ2012 ጥር ወር ጣሊያን ውስጥ ጂሊዮ ደሴት ዳር ለሰላምታ ብላ ተጠግታ አለት መታች፣ 32 ሰው አለቀ። በእኔ እምነት ይሄን የሚያህል መርከብ ሰው ወደሚኖርበት ዳር ማስጠጋት ራሱ ስህተት ነው። ተሳፋሪው ከተማዋን ከላይ ሆኖ ፎቶ እንዲያነሳ ነው ሁሉም ነገር። ገንዘብ ነው።

መስትሬ ነዋሪ፦

ልብ በሉ፣ በከፊል እስማማለሁ። እኔ ከቬኒስ ማዶ መስትሬ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ደሴቲቱ ላይ ሆቴል ውስጥ ነው። ያንን ነገር በዓይኔ ስላየሁት ላውራላችሁ።

ድሮ ክሩዞቹ በሊዶ በኩል ገብተው፣ በሳን ማርኮ አደባባይ ፊት ለፊት አልፈው፣ በጁዴካ ቦይ ነበር ወደ ወደቡ የሚሄዱት። ጠዋት ቡና ይዘህ ቆመህ ሳለ ድንገት ጥላ ይመጣል፤ ቀና ስትል ከደወል ቤቱ በስተቀር ከሁሉም ሕንፃ የሚበልጥ መርከብ። ቱሪስቱ ይደሰታል፣ የሰፈሩ ሰው ይሳደባል። ሕግ ይወጣል፣ ይሻራል፣ እንደገና ይወጣል። ከኮንኮርዲያ በኋላ በ2012 ከ40 ሺህ ቶን በላይ የሆነ አይግባ ተብሎ ነበር፣ ግን "ሌላ መንገድ እስኪገኝ" የሚል ነገር ስላለበት ለዓመታት ገቡ።

ከዚያ ሰኔ 2 ቀን 2019 እሑድ ጠዋት ሆነ። ኤምኤስሲ ኦፔራ፣ 275 ሜትር፣ 65 ሺህ ቶን። ጎታች ጀልባዎች ከፊትና ከኋላ ታስረውላት ነበር፣ እዚህ ግዴታ ነው። መቆጣጠሪያዋ ተበላሸና አልቆም አለች። ጡሩምባዋን ሳታቋርጥ እየነፋች መጣች። ጎታቾቹ ሊይዟት ሲሞክሩ ገመዱ ተበጠሰ፣ ሳን ባዚሊዮ ላይ የቆመችውን ሪቨር ካውንቴስ የምትባል ትንሽ የቱሪስት መርከብና ዳሩን ገጨች። ሰው ሲሮጥ የሚያሳየውን ቪዲዮ አይታችሁት ይሆናል። ጥቂት ሰው ተጎዳ፣ የሞተ የለም፣ ያም ተአምር ነው። ወር ከምናምን ቆይቶ ሐምሌ 7 ደግሞ ኮስታ ዴሊዚዮዛ በዝናብና በነፋስ እየተገፋች፣ ጎታቾች ታስረውላት ሳለ፣ ዳር ለመምታት ትንሽ ቀርቷት አለፈች። አንደኛዋ ማሽን ናት፣ ሁለተኛዋ ነፋስ ነው። ሁለቱም እዚያው ቦይ አካባቢ።

በመጨረሻ ከነሐሴ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ቆረጠ። ከ25 ሺህ ቶን በላይ ከሆነ፣ ወይ ከ180 ሜትር ከረዘመ፣ ወይ ከውሃ በላይ ቁመቱ ከ35 ሜትር ካለፈ በሳን ማርኮ በኩል አይገባም። ትልልቆቹ አሁን ማላሞኮ በሚባለው ሌላ መግቢያ ዞረው፣ በነዳጅ መርከቦች ቦይ ገብተው ማርጌራ የሚባለው የኢንዱስትሪ ወደብ ይቆማሉ። ታዲያ ችግሩ ተፈታ? ያኛውም ቦይ ጠባብ ነው፣ በረግረጉ መሐል የተቆፈረ፣ ዳሩን ውሃው እየሸረሸረው ነው። ቢያንስ ከጎኑ የአምስት መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያን የለም። ለጥንቱ ከተማ ጥሩ ሆነ፣ ለውሃው መልሱ ሌላ ነው።

ገንዘብ ነው ላልከው ግን እኛም በዚያ ገንዘብ ነው የምንበላው ወንድሜ። ክሩዙ ሲቀንስ ሥራ ያጡ የኛው ልጆች አሉ፣ ሻንጣ ሲጭኑ የነበሩ። ነገሩ እንደምትለው ቀላል አይደለም።

ማሽን ክፍል፦

@ልብ በሉ ኮንኮርዲያን ከዚህ ጋር ባትቀላቅላት ጥሩ ነው። እዚያ መተላለፊያም ፓይለትም አልነበረም፤ ሰፊ ባሕር እያለ ሰውዬው በገዛ ፈቃዱ ነው የተጠጋው፣ 16 ዓመትም ተፈርዶበታል። ዳሊን ማንሳትህ ግን ትክክል ነው።

ዳሊ ላይ መርማሪዎቹ መጨረሻ ላይ ያገኙት አንዲት በደንብ ያልገባች የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ሽቦዋ ላይ የተለጠፈው መለያ አለቦታው ስለገባ ጫፏ ሙሉ በሙሉ አልተያዘም፣ ላላች፣ ብሬከሩ ወረደ፣ መብራት ጠፋ። ከወደቡ ያወጧት ጎታቾች ተለይተዋት ሄደዋል። ፓይለቱ መልህቅ አስጣለ፣ ድልድዩን ዝጉ ብሎ በሬዲዮ አስነገረ፤ መኪና የቆመውና ብዙ ሰው የተረፈው በዚያ ነው። መርከቧን ግን ማቆም አይቻልም ነበር። 300 ሜትር የሚጠጋ ከነጭነቱ መርከብ መልህቅ ስለጣልክለት ቀጥ አይልም።

ክሩዝ የሚለየው በምንድነው ካላችሁ፣ ከሐምሌ 2010 ወዲህ የተሠሩና ርዝመታቸው ከ120 ሜትር ያላነሰ መንገደኛ መርከቦች አንዱ የማሽን ክፍል ቢቃጠል ወይም ውሃ ቢሞላ በሌላው ወደብ መግባት እንዲችሉ ተደርገው እንዲሠሩ ሕግ አለ። ማለትም ጄኔሬተሮቹ፣ የኤሌክትሪክ ሰሌዳዎቹ ለሁለት ተከፍለዋል። መተላለፊያ ውስጥ ስንገባ ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ ጄኔሬተር ይነሳል፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲይዝ። ማሽን ክፍል ሰው ሙሉ ነው፣ ሻይ የሚጠጣ የለም። ከፊት መልህቁ ጋ ልጆች ይቆማሉ። ውሃ የማያሳልፉት በሮች ተዘግተዋል። እናንተ ላይ ዘፈን እየሰማችሁ ሳለ ታች ያለው እንዲህ ነው።

ይሄ ሁሉ ሆኖም ዋስትና የለም። በ2019 መጋቢት ኖርዌይ ዳር ቫይኪንግ ስካይ በማዕበል ውስጥ ሳለች ሞተሮቿ ሁሉ ጠፉ፤ ምክንያቱ ዘይቱ ዝቅ ማለቱ ነው። የቅባት ዘይት! በማዕበሉ ስትናወጥ ፓምፑ አየር ሳበ፣ ሴንሰሩ ሞተሩን ለማዳን ብሎ ዘጋ። 1,373 ሰው ተሳፍሮባት። መልህቅ ጥለው፣ አንድ ሞተር አስነስተው፣ ከአለቱ አመለጡ፤ 479 ሰው በሄሊኮፕተር ወጣ። ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ቢሆን ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያጠፋ ነገር አይጠፋም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

እሺ ይሄ ለእማዬ አይነበብም 🙈

ግን ነፋስ ነፋስ የምትሉት ግራ ገባኝ። ያን የሚያህል ብረት ነፋስ ምን ያደርገዋል?

ማሽን ክፍል፦

ብዙ። ክብደቱን አትይ፣ ጎኑን እዪ። 365 ሜትር ርዝመት፣ ከውሃ በላይ በአማካይ 40 ሜትር ቁመት ብለሽ ያዢ፤ 14,600 ካሬ ሜትር ግድግዳ ነው። 25 ኖት ነፋስ በካሬ ሜትር ወደ 10 ኪሎ ይገፋል። አባዢው፤ 150 ቶን ገደማ። ነፋሱ ወደ 35 ኖት ቢነሳ በ10 ኖት ብቻ ጨመረ ትያለሽ፣ ግፊቱ ግን እጥፍ ሆኖ 300 ቶን ይጠጋል። በረንዳ ያለው ክፍል ሁሉም ሰው ይፈልጋል፣ ስለዚህ መርከቦቹ ከዓመት ዓመት ወደ ላይ ያድጋሉ፤ ወደ ታች ግን ያው 9 ሜትር ምናምን ናቸው፣ ወደቦቹ ጥልቀት የላቸውማ።

ደሞ ነፋሱን ለመቋቋም መርከቧ ጠመም ብላ ነው የምትሄደው፣ ቀጥ ብላ አይደለም። 47 ሜትር ስፋትና 360 ሜትር ርዝመት ያላት መርከብ 5 ዲግሪ ብቻ ብትጣመም የምትይዘው ቦታ ወደ 78 ሜትር ያድጋል። ጠባብ ቦታ ላይ 30 ሜትር ማለት ብዙ ነው። ገቨርንመንት ከት ስፋቱ ከመርከቦቹ ርዝመት ያንሳል፤ እዚያ መሐል ሆነሽ ሐሳብሽን ቀይረሽ ልመለስ ብትዪ መዞሪያ የለም። ማዞሪያው ውስጥ ነው፣ ወደቡ ጋ። ካለፍሽው አለፍሽው።

የድሮ ባሕረኛ፦

ልጆች፣ ስታወሩ እያነበብኩ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔ በወጣትነቴ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። እኛ ዘመን ይሄ አዚፖድ የምትሉት ነገር የለም፣ የነበረን መርከብም ከእናንተ ክሩዝ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የምጽዋ ወደብ አፉ ጠባብ ነው፣ በአንድ በኩል ራስ ሙዱር፣ በሌላው አብዱልቃድር። በዚያ ስትገቡ ወደ ጎን ብትስቱ የሚያተርፍ ቦታ የላችሁም።

ማሽን ክፍል ልጄ ስለ ነፋሱ ያልከው ልክ ነው፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር። እናንተ የምታወሩት መተላለፊያው ውስጥ ከገቡ በኋላ ስላለው ነው። ትልቁ ሥራ የሚሠራው ግን ከመግባት በፊት ነው። አዛዡ ነፋሱን ያያል፣ ሞገዱን ያያል፣ እዚህ ነጥብ ሳልደርስ ነገሩ ካላማረኝ እመለሳለሁ የሚላት ቦታ ካርታው ላይ ምልክት ያደርግባታል። ያቺን ቦታ ካለፉ በኋላ ጀግንነት ብዙም አይረዳም። ጎበዝ አዛዥ የምንለው ጠባብ ቦታ ላይ የሚቀልደውን አልነበረም፤ "ዛሬ አንገባም፣ ውጭ እናድራለን" ሲል የማያፍረውን ነው። ወጣቱ መኮንን ከተማ ወርዶ ሊዝናና ቋምጦ ሳለ እንዲህ ሲባል የሚያጉረመርመውን ብትሰሙ!

መርከብ ጠባብ አፍ ውስጥ ከቆመ ምን እንደሚሆን ደግሞ ምጽዋ በደንብ ታውቀዋለች። ጣሊያኖች በ1941 እንግሊዝ ሲመጣባቸው መርከቦቻቸውን ራሳቸው በወደቡ መግቢያዎች ላይ አስጥመው ዘጉት። ያንን ለማጽዳት አሜሪካኖች መጥተው ምን ያህል ለፉ። ሆን ብሎ የተደረገ ነው እሱስ፤ በስህተት የሆነ ቀን ግን ወደቡ ልዩነቱን አያውቅም፣ ያው ተዘግቷል።

ልብ በሉ፦

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፣ ይሄ ነው እኔም ልል የፈለግኩት። ግን የዛሬ ካፒቴን "ውጭ አድራለሁ" ማለት ይችላል ወይ? አምስት ሺህ ሰው ነገ ጠዋት አውሮፕላን አለው፣ ሌላ አምስት ሺህ ሰው ወደቡ ላይ ሻንጣውን ይዞ ቆሟል፣ ኩባንያው ስልክ ላይ ነው።

የድሮ ባሕረኛ፦

ይችላል። ሥልጣኑ አለው፣ ሕጉም ያዘዋል። ይደፍራል ወይ ካልከኝ እንደ ሰውዬው ነው።

ማያሚ ሾፌር፦

ያደርጉታል ኧረ። ጭጋግ ሲሆን፣ ነፋስ ሲበረታ ወደቡ ይዘጋል፣ መርከቦቹ ውጭ ይሰለፋሉ። እኛ ሾፌሮች ነን የምንቀልጠው፣ ደንበኛ ስልክ ላይ "የት ነህ?" ይለኛል፣ እኔ እዚህ አንተ ባሕር ላይ! ክሩዝ ያልቃል በተባለበት ቀን ጠዋት በረራ አትቁረጡ፣ ከሰዓት በኋላ ይሁን። ይሄን ለሁሉም ሰው ነው የምለው፣ የሚሰማኝ የለም።

አቴና፦

እናንተ ጠባብ የምትሉትን ሰምቼ ሳቅኩ። ኮሪንቶስ ቦይን እዩ። በ1893 የተከፈተ፣ ከአለት የተቆረጠ፣ ላዩ ላይ ስፋቱ 24 ሜትር ገደማ ነው። ጥቅምት 2019 ላይ ብሬማር የምትባል ክሩዝ 22.5 ሜትር ስፋቷን ይዛ አለፈችበት፤ ርዝመቷ 195 ሜትር ከምናምን፣ በዚያ ቦይ ያለፈች ረጅሟ መርከብ ተብላለች። ተሳፋሪዎቹ በረንዳ ላይ ሆነው አለቱን ሊነኩት ነበር። ጎታች ከፊት እየሳባት ነው የሄደችው፣ በራሷ ብትነዳ ኖሮ ማሽን ክፍል ያልከው የዳር ስበት ምን ያደርጋት እንደነበር አስቡት።

ማሽን ክፍል፦

ልክ ነህ፣ እዚያ እንኳ ሁለቱም ዳር እኩል ስለሚስብ መሐል መንገድ ከያዝክ ይመጣጠናል። ችግሩ ከመሐል ስትወጣ ነው። ደሞ ብሬማር 24 ሺህ ቶን ናት፣ ከማያሚዎቹ ጋር ስትተያይ ትንሽ ናት።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼንም። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከባልቲሞርስ? እንሂድ ወይስ እማዬን በሆነ ዘዴ ወደ ማያሚ ልመልሳት?

ማሽን ክፍል፦

ሂዱ እንጂ። መተላለፊያው ድልድዩ ከወደቀ በኋላ ተጠርጎ ሰኔ 2024 ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል፣ ክሩዞችም ከዚያ በፊት ግንቦት ላይ ተመልሰዋል። ባልቲሞር ላይ እንዲያውም የምታገኙት መርከብ መካከለኛ ነው፤ አናፖሊስ አጠገብ ያለው የቤይ ብሪጅ ከፍታው 57 ሜትር ገደማ ስለሆነ እነ ኦአሲስ ከሥሩ አያልፉም። ጉዞው ግን ከማያሚ የተለየ ነው። ማያሚ ላይ ጠባቡ ነገር ቶሎ ያልቃል፣ እዚህ ግን ከውቅያኖሱ እስከሚገናኝበት እስከ ኬፕ ሄንሪ ድረስ 150 ማይል የሚሆን የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አለ፣ ሌሊቱን ግማሽ ፓይለቱ አብሯችሁ ነው። ውሃው ሰፊ ይመስላል፣ ለትልቅ መርከብ የሚበቃው ጥልቀት ግን የተጠረገው መስመር ላይ ብቻ ነው።

ማያሚ ሾፌር፦

እና ቤይ ብሪጅ ሥር ስታልፉ ላይኛው ፎቅ ላይ ውጡ፣ ጭስ ማውጫው ድልድዩን የሚነካ ነው የሚመስለው። ቦታ ቀድማችሁ ያዙ፣ ሰው ይሻማል። በክረምት ከሆነ ደሞ ጋቢ አትርሱ፣ እዚያ ላይ ብርዱ ሌላ ነው።